ትምህርቱን እናት ታንብብ ወይስ ልጁ? በቤት ውስጥ ለሚማሩ ትልልቅ ልጆች

ጥያቄ፦ በቨርጂኒያ የምንኖር ቤተሰብ ነን። የ14 ዓመት ወንድ ልጄንና የ11 ዓመት ሴት ልጄን በቤት ውስጥ አስተምራለሁ። ታሪክን፣ ሳይንስንና ሥነ ጽሑፍን ከመጀመሪያው ጀምሮ ሁለቱንም አጠገቤ አስቀምጬ እኔው ድምፄን ከፍ አድርጌ ሳነብላቸው ኖሬአለሁ። ወንዱ ሳነብለት የሰማውን ሁሉ መልሶ ይነግረኛል፤ ራሱ እንዲያነብ ስሰጠው ግን «አንብቤ ጨረስኩ» ይላል እንጂ ስለ ምን እንዳነበበ ስጠይቀው ሁለት ዓረፍተ ነገር አይሞላም። ባለቤቴ «እስከ መቼ ታነቢለታለሽ? ትልቅ ሰው እኮ ሆነ» ይለኛል። የእኔም ጉሮሮ ደክሟል። ማንበቤን ላቁም? በማዳመጥ የተማሩትስ በሕግ ፊት እንደ ትምህርት ይቆጠራል?

መልስ፦ ማንበብዎ ትክክል ነው ወይስ አይደለም ከሚለው ይልቅ ለእኔ ይበልጥ አጣዳፊ ሆኖ የታየኝ፣ ልጅዎ ሲሰማ የሚገባው ነገር ራሱ ሲያነበው ለምን እንደሚጠፋበት ነው። የመልሴን ፍሬ አስቀድሜ ልንገርዎ፤ ወንዱ ልጅዎ በዚህ የትምህርት ዓመት ውስጥ አብዛኛውን የትምህርት ጽሑፍ በራሱ ወደ ማንበብ መሸጋገር ይኖርበታል፤ ይሁን እንጂ ሽግግሩ መጽሐፉን አስይዞ ወደ መኝታ ክፍሉ በመስደድ የሚፈጸም አይደለም፤ የእርስዎም ንባብ ጨርሶ መቆም የለበትም። ባለቤትዎ ስለ መድረሻው የተናገሩት ትክክል ነው፤ ምክንያቱ ግን ዕድሜ ብቻ አይደለም። አንድ የ14 ዓመት ልጅ ትምህርቱ ይነበብለት ወይስ ራሱ ያንብብ የሚለውን ለመወሰን፣ በቅድሚያ የሚያነበው ዓይንና የሚረዳው አእምሮ ምን ያህል እኩል እንደሚራመዱ ማወቅ ያስፈልጋል።

ፊሊፕ ጎፍ እና ዊልያም ተንመር የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1986 ያቀረቡት ቀላል ቀመር ለዚህ ዓይነቱ ጥያቄ እስከ ዛሬ ከሁሉ የሚጠቅም መነሻ ነው። እንደ እነርሱ አገላለጽ፣ አንብቦ መረዳት የሁለት ችሎታዎች ብዜት ነው፤ አንደኛው የተጻፈውን ቃል በትክክልና በፍጥነት የመለየት ችሎታ ሲሆን ሁለተኛው ቋንቋውን ሰምቶ የመረዳት ችሎታ ነው። ድምር ሳይሆን ብዜት መሆኑን ልብ ይበሉ፤ ከሁለቱ አንዱ ደካማ ከሆነ ሌላው የቱንም ያህል ቢበረታ ውጤቱ ዝቅ ይላል። እርስዎ በሚያነቡለት ጊዜ የመጀመሪያውን ሥራ ሙሉ በሙሉ ከልጁ ላይ አንሥተው ይሸከሙለታል፤ ስለዚህ የሚታየው የሁለተኛው ችሎታው ጥንካሬ ብቻ ነው። ልጅዎ ሰምቶ በሚገባ መተረክ መቻሉ ደግሞ ትልቅ የምሥራች ነው፤ የቃላት ሀብቱ፣ ትኩረቱና የማስታወስ ኃይሉ ጤናማ መሆናቸውን ያሳያል፤ ይህም የዓመታት ንባብዎ ፍሬ እንደሆነ አልጠራጠርም።

ከዚህ ጋር ተያይዞ መታወቅ ያለበት ሌላ ነገር አለ። አሜሪካዊው ተመራማሪ ቶማስ ስቲክት እንዳሳየው፣ ልጆች በመጀመሪያዎቹ የትምህርት ዓመታት አንብበው ከሚረዱት ይልቅ ሰምተው የሚረዱት ይበልጣል፤ ሁለቱ የሚቀራረቡትም በአማካይ በሰባተኛና በስምንተኛ ክፍል ገደማ ነው። እንግዲህ የ11 ዓመቷ ልጅዎ ሰምታ ይበልጥ ብትረዳ ከዕድሜዋ የሚጠበቅ ነው፤ ወንድሟ ግን ሁለቱ መንገዶች ሊገናኙበት ከሚገባው ቦታ ላይ ደርሷል፤ በእርሱ ዘንድ ክፍተቱ እስከ አሁን ሰፊ ከሆነ መመርመር አለበት ማለት ነው።

ምርመራውን እቤትዎ ማድረግ ይችላሉ። ከሚማሩበት የታሪክ መጽሐፍ ልጁ ከዚህ በፊት ያላያቸውን፣ በክብደት የሚመሳሰሉ፣ እያንዳንዳቸው አራት መቶ ቃል ያህል የሆኑ ሁለት ክፍሎች ይምረጡ። ከእያንዳንዱ ክፍል መነሣት ያለባቸውን ዋና ዋና ነጥቦች አስቀድመው በወረቀት ይጻፉ። አንዱን ክፍል አንድ ጊዜ ብቻ ያንብቡለትና ይተርክልዎ፤ በማግስቱ ሁለተኛውን ራሱ በዝምታ አንድ ጊዜ ያንብብና በተመሳሳይ መንገድ ይተርክ። ሁለተኛውን ከመጀመሩ በፊት «ስትጨርስ ትነግረኛለህ» ብለው በግልጽ ይንገሩት፤ ይህ ማስጠንቀቂያ የምርመራው ዋነኛ ክፍል ነው። በሦስተኛው ቀን ደግሞ ሌላ ገጽ ሰጥተውት ድምፁን ከፍ አድርጎ ለአንድ ደቂቃ እንዲያነብ ያድርጉና በትክክል ያነበባቸውን ቃላት ይቁጠሩ። ሃዝብሩክ እና ቲንዳል የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2017 ባወጡት የእንግሊዝኛ ንባብ መለኪያ፣ በስድስተኛ ክፍል መጨረሻ ላይ መካከለኛው ተማሪ በደቂቃ 146 ቃላት በትክክል ያነባል፤ ሠንጠረዡ ከዚያ ክፍል አያልፍም። ስለዚህ የ14 ዓመት ልጅ ከዚህ ቁጥር በብዙ ቢያንስ፣ ችግሩ ቃላቱን አቀላጥፎ ከማንበብ ላይ ነው ብሎ ለመጠርጠር በቂ ምክንያት ይኖራል።

ውጤቱ ከሦስት መልኮች አንዱን ይይዛል። ልጁ ለአንድ ደቂቃ ሲያነብ እየተንተባተበ፣ ቃላትን በግምት እየዘለለና እየተካ ከሆነ፣ ሲሰማ ጎበዝ ሲያነብ ደካማ የሆነበት ምክንያት ተገኘ ማለት ነው፤ ይህ የስንፍና ጉዳይ አይደለም። እንዲህ ያለው ልጅ ለዲስሌክሲያ፣ ማለትም ቃላትን ለይቶ ማንበብን ለሚያስቸግር የመማር እክል፣ መመርመር ይኖርበታል። የፌዴራሉ ሕግ የመማር እክል ያለባቸውን ልጆች የመለየትና የመመርመር ግዴታ በሕዝብ ትምህርት ቤቶች ላይ ሲጥል በቤት ውስጥ የሚማሩትንም ስለሚጨምር፣ ጥያቄዎን ለአካባቢዎ የትምህርት ጽሕፈት ቤት በጽሑፍ ማቅረብ ይችላሉ። እክሉ ከተረጋገጠም በአሜሪካ ለሚገኙ ተማሪዎች በነጻ የሚያገለግለው ቡክሼር የተባለ የመጻሕፍት አገልግሎት የመማሪያ መጻሕፍትን በድምፅ ያቀርባል፤ በዚህ ጊዜ ንባብን ማሠልጠኑ ለብቻው፣ ዕውቀት መቅሰሙ ደግሞ በጆሮ እየሆነ ጎን ለጎን ይሄዳል። ቃላቱን አቀላጥፎ እያነበበ በዝምታ ሲያነብ ብቻ የሚጠፋበት ከሆነ፣ የጎደለው ችሎታ ሳይሆን ልማድ ነው፤ ከጥያቄዎ አነጋገር በመነሣት እኔ የምገምተው ይህንኛውን ነው። አስቀድሞ ትነግረኛለህ ስለተባለ ብቻ ትረካው ከወትሮው እጅግ ከተሻሻለ ግን፣ ከዚህ በታች የምጽፈውን ሁሉ ከማንበብዎ በፊት ግማሽ መፍትሔውን በእጅዎ አስገብተዋል።

ልማዱ ለምን እንደጎደለ ለመረዳት፣ እርስዎ በሚያነቡበት ጊዜ ከድምፅ በተጨማሪ ምን ምን እንደሚሠሩ ማየት ይገባል። ረጅሙን ዓረፍተ ነገር የት ላይ ትንፋሽ ወስደው እንደሚከፍሉት ይወስናሉ፤ ክብደት ያለውን ቃል ያጠብቃሉ፤ አስቸጋሪ ቦታ ሲደርሱ ፍጥነትዎን ይቀንሳሉ፤ የልጆቹ ፊት ደነገዝ ያለ እንደሆነ ተመልሰው ይደግሙታል። እነዚህ ሁሉ የመረዳት ሥራዎች ናቸው፤ የሚሠሩትም በእርስዎ ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 ፎሪን እና ማክላውድ ባወጡት ጥናት፣ ሰዎች በዝምታ ካነበቧቸው፣ ሌላ ሰው ሲያነብ ከሰሟቸውና የራሳቸውን ድምፅ ከቅጂ ከሰሟቸው ቃላት ይልቅ ይበልጥ ያስታወሱት ራሳቸው ጮክ ብለው ያነበቧቸውን ነበር። በዚህ ስሌት በቤትዎ ውስጥ ከታሪኩ ትምህርት ይበልጥ የተጠቀሙት እርስዎ ነዎት ቢባል ቀልድ ብቻ አይሆንም።

ሰምቶ መማር ከንቱ ነው ማለቴ ግን አይደለም። ቨርጂኒያ ክሊንተን-ሊዘል የተባለች ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ2022 በርካታ ጥናቶችን ባንድ ላይ ስትገመግም፣ በማንበብና በማዳመጥ መካከል በአጠቃላይ የጎላ ልዩነት አላገኘችም። ልዩነት የታየው አንባቢው በራሱ ፍጥነት መሄድ በሚችልበት ጊዜና በግልጽ ካልተጻፈው ሐሳብ ላይ መድረስ በሚጠየቅበት ጊዜ ነበር፤ በሁለቱም ንባብ በልጦ ተገኝቷል። ምክንያቱን ለመገመት አያስቸግርም። አንባቢ ሲያነብ ዓይኑ ከአሥር እንቅስቃሴው ቢያንስ አንዱን ወደ ኋላ ይመለሳል፤ ያልገባውን ሐረግ ደግሞ ያያል፤ አንቀጹን ከሥዕሉ ጋር ያስተያያል። የሚያደምጥ ልጅ ይህን ማድረግ አይችልም፤ ያመለጠው ቃል አምልጧል፤ ሊያስቆምዎ ቢፈልግም እኅቱ አጠገቡ ተቀምጣለችና «አልገባኝም» ማለትን ሊያፍር ይችላል። የትምህርቱ ጽሑፍ እየከበደ በሄደ ቁጥር ደግሞ ወደ ኋላ የመመለስ ፍላጎት ይጨምራል እንጂ አይቀንስም፤ ስለዚህ ለሁለተኛ ደረጃና ለኮሌጅ የሚደረገው ዝግጅት በጆሮ ብቻ ሊጠናቀቅ አይችልም።

በቤት ውስጥ ትምህርት ላይ በተጻፉ ምክሮች መካከል የሚታየው ግጭትም በዚህ መንገድ የሚፈታ ይመስለኛል። ብዙ የሆምስኩል ቤተሰቦች የሚከተሏት እንግሊዛዊቷ የትምህርት ሊቅ ሻርሎት ሜሰን (1842–1923)፣ አንድ ልጅ በቀላሉ ማንበብ ከቻለ በኋላ ትምህርቱን ራሱ ማንበብ እንዳለበት፣ ወላጅ ድምፁን ከፍ አድርጎ ማንበቡም ከመኝታ በፊት እንደሚደረግ የአልፎ አልፎ ደስታ እንዲሆን ትመክር ነበር። በአንጻሩ በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1985 የወጣው የንባብ ኮሚሽን ሪፖርት፣ ለልጆች ጮክ ብሎ ማንበብ በየክፍል ደረጃው ሊቀጥል የሚገባው ነገር እንደሆነ ገልጿል። ሜሰን የምትናገረው ስለ ዕለታዊው የትምህርት ሥራ ነው፤ ሪፖርቱ ደግሞ የመጻሕፍትን ፍቅርና ቋንቋን ስለ ማሳደግ ነው። ሁለቱንም ባንድ ቤት ማዋል ይቻላል፤ ችግር የሚመጣው አንደኛው የሌላኛውን ቦታ ሲወስድ ነው።

በነገራችን ላይ፣ የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ሊቃውንት ይህን ነገር በራሳቸው መንገድ ካስተካከሉት ቆይተዋል። መጻሕፍት ቤት በሚባለው ከፍተኛ የአብነት ትምህርት ቤት ትርጓሜ ሲካሄድ ተማሪዎቹ ትልልቅ ሰዎች ሆነው ሳለ ትምህርቱን የሚቀበሉት በጆሮ ነው፤ ነገር ግን መጽሐፉን ዘርግቶ የግዕዙን ንባብ የሚያነበው መምህሩ ሳይሆን ከተማሪዎቹ አንዱ ነው። መምህሩ የሚጨምረው ከመጽሐፉ ላይ የማይገኘውን፣ ማለትም ትርጓሜውን ነው። ጉባኤው ሲነሣም ተማሪዎች የሰሙትን እርስ በርስ እየተጠያየቁ ያጸኑታል። ይህንኑ ሥርዓት ወደ ማዕድ ቤትዎ ጠረጴዛ ቢያመጡት፣ ወንዱ ልጅዎ ያነባል፣ እርስዎ ያብራራሉ፣ እኅቱ ትጠይቃለች፤ ጉሮሮዎም ያርፋል።

አሁን ወደ እያንዳንዱ ትምህርት ልለፍ፤ ሁሉም እኩል አይደሉምና። ሒሳብን በተመለከተ ብዙ ማለት አያስፈልግም፤ የቃላት ጥያቄዎችን ሁለቱም ልጆች ከዛሬ ጀምሮ እርሳስ ይዘው ራሳቸው ያንብቡ። ሳይንስ በሁለተኛነት ወደ ልጁ እጅ መተላለፍ ያለበት ትምህርት ነው፤ የሳይንስ ገጽ ሥዕል፣ ሠንጠረዥና ስያሜ የተሞላ በመሆኑ በጆሮ ሲተላለፍ ግማሹ ይጠፋል፤ ሕዋስ እንዴት እንደሚከፈል የሚያስረዳ አንቀጽ ሥዕሉ ከፊት ካልተቀመጠ ቢደገም ቢሠለስም አይገባም። ታሪክን ግን አልቸኩልበትም። ልጁ የሚወደውና ሲሰማ የሚያበራበት ትምህርት ይኸው ከሆነ፣ ሽግግሩ የቅጣት መልክ እንዳይይዝ ምዕራፉን እርስዎ ይጀምሩለትና የሰዎቹ ስም፣ የቦታውና የዘመኑ ሁኔታ ከተተከለ በኋላ ቀሪውን ራሱ ይጨርስ። አሮጌ እንግሊዝኛ የበዛባቸውን ሰነዶች፣ ለምሳሌ የ1776ቱን የነጻነት አዋጅ፣ በመጀመሪያ እርስዎ ጮክ ብለው ቢያነቡት፣ ከዚያም ልጁ ተመልሶ በዝምታ ቢያነበው ይመረጣል፤ ረጅሙ የዓረፍተ ነገር አሠራር ከድምፅ ይገባል፣ ሐሳቡ ደግሞ ከገጹ። ግጥምና ድራማ ከመሠረቱ ለጆሮ የተጻፉ በመሆናቸው ልጆቹ ሃያ ዓመት ቢሞላቸውም ጮክ ተብለው መነበብ አለባቸው፤ ይሁን እንጂ በየተራ፣ በሁሉም አፍ።

ስለ አሠራሩ የምመክርዎ ከሁሉ በላይ ይህን ነው፦ ማንኛውም በዝምታ የተነበበ ክፍል ያለ ትረካ አይለፍ። ልጅዎ «አንብቤ ጨረስኩ» የሚለው ንባብ ማለት ዓይንን እስከ ገጹ መጨረሻ ማድረስ እንደሆነ ስለተቀበለ ነው። በእርስዎ ንባብ ጊዜ ትረካ እንደሚጠየቅ ያውቃል፤ በራሱ ንባብ ጊዜ ግን ምንም አይጠበቅበትም፣ ወይም የሚጠየቀው አልፎ አልፎ ነው። ሮዲገር እና ካርፒኪ እ.ኤ.አ. በ2006 ባደረጉት ሙከራ፣ አንድን ጽሑፍ ደግመው ያነበቡ ተማሪዎች ከሳምንት በኋላ የጽሑፉን 42 በመቶ ሲያስታውሱ፣ አንድ ጊዜ አንብበው ያስታወሱትን በጽሑፍ ለማውጣት የሞከሩት 56 በመቶ አስታውሰዋል። ስለዚህ ልጁ ሳያስታውስ ሲቀር «ተመለስና ደግመህ አንብብ» ከማለት ይልቅ፣ መጽሐፉን አስከድነው የቀረችውን ትንሽ ነገር እንኳ እንዲናገር ያድርጉ፤ ከዚያ በኋላ ይመለስ። መጀመሪያ አንድ አንቀጽ አንብቦ ይተርክ፤ ሲለምደው አንድ ገጽ፤ ቀጥሎም አንድ ሙሉ ክፍል። በ14 ዓመቱ ከትረካው ከፊሉ በጽሑፍ እንዲሆን እመርጣለሁ፤ በቃል ብቻ ሲሆን ጎበዝ ተናጋሪ ልጅ ያልገባውን በንግግር ችሎታው ሊሸፍነው ይችላል።

በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ዕውቀቱ የቀነሰ መስሎ ሊታይዎ እንደሚችል ከወዲሁ ይወቁት። እርስዎ በግማሽ ሰዓት ይጨርሱት የነበረው ምዕራፍ አንድ ሰዓት ይወስዳል፤ ትረካውም ይሳሳል። ብዙ ወላጆች በዚህ ጊዜ ደንግጠው ወደ ቀድሞው ይመለሳሉ፤ እርስዎ ግን ይህን አያድርጉ። ይልቁንም የገጹን ብዛት ይቀንሱ። ከጥቂት ወራት በኋላ ፍጥነቱ መገለበጡ አይቀርም፤ በእንግሊዝኛ ልብ ወለድ ባልሆነ ጽሑፍ የአዋቂ ሰው የዝምታ ንባብ በአማካይ በደቂቃ 238 ቃላት ሲሆን ጮክ ብሎ ማንበብ ግን 183 ገደማ ላይ ይቆማል፤ ይህም ማርክ ብሪስባርት እ.ኤ.አ. በ2019 ከብዙ ጥናቶች አጠናቅሮ ያወጣው ስሌት ነው። አቀላጥፎ የሚያነብ ወጣት በእናቱ ድምፅ ፍጥነት ከተገደበ በየዓመቱ ሊያነባቸው ይችል የነበሩ መጻሕፍት ያመልጡታል፤ የንባብ ተመራማሪው ኪት ስታኖቪች ከማቴዎስ ወንጌል «ላለው ሁሉ ይሰጠዋልና» ከሚለው ቃል ወስዶ የማቴዎስ ውጤት ያለውም ይህንኑ ነው፤ ብዙ የሚያነብ ብዙ ቃል ያውቃል፣ ብዙ ቃል የሚያውቅም ይበልጥ ያነባል።

የ11 ዓመቷን በተመለከተ፣ ከወንድሟ ጋር ባንድ ቀን አያሸጋግሯት። ለእርሷ የትምህርቱን ግማሽ ያህል ማንበብዎን ቢቀጥሉ ተገቢ ነው፤ ራሷ የምታነበው ደግሞ ከወንድሟ መጽሐፍ ቀለል ያለ፣ ለደረጃዋ የተመረጠ ይሁን። እንዲያውም ሁለቱን ባንድ መጽሐፍ ማስተማር ለእርስዎ ቢያመችም፣ ጽሑፉ ለአንዱ የቀለለ ለሌላዋ የከበደ መሆኑን የእርስዎ ድምፅ ሲሸፍነው እንደኖረ እጠረጥራለሁ።

አማርኛ ግን ሌላ ጉዳይ ነው፤ በጥያቄዎ ባያነሡትም ሳልጠቅሰው ማለፍ አልፈልግም። ፊደላችን ማጥበቅንና ማላላትን አያሳይም፤ «አለ» የሚለው «ተናገረ» ለማለት ይሁን «ይገኛል» ለማለት የሚለየው ቋንቋውን በሰማ ጆሮ ነው። በአሜሪካ የሚያድግ ልጅ ፊደል ቆጥሮ በዝምታ ቢያነብ እንኳ፣ ያልሰማውን ቃል በትክክል ሊያነበው አይችልም። ስለዚህ እንግሊዝኛውን ለልጆቹ ሲለቁ የሚተርፍዎትን ጊዜና ጉልበት ወደ አማርኛ ንባብ ያዛውሩት፤ ሁለቱም ልጆች ገጹን በዓይናቸው እየተከተሉ እርስዎ ያንብቡ፣ በማግስቱም ያንኑ ገጽ እነርሱ ያንብቡ። በዚህ ሥራ ማንም መምህር ሊተካዎት አይችልም፤ ባለቤትዎም «እስከ መቼ» ከሚሉ ይልቅ አንዱን ምሽት ቢረከቡ መልካም ነው።

ስለ ሕጉ ለጠየቁኝ፦ የቨርጂኒያ ሕግ የቤት ውስጥ ትምህርት በንባብ ይሰጥ በማዳመጥ አይወስንም። የሚጠይቀው በየዓመቱ እስከ ኦገስት 15 የማስተማር ፍላጎትዎን ከትምህርቶቹ ዝርዝር ጋር እንዲያሳውቁና እስከ ቀጣዩ ኦገስት 1 የልጆቹን መሻሻል የሚያሳይ ማስረጃ እንዲያቀርቡ ነው። ማስረጃው ብቃት ያለው ገምጋሚ የጻፈው ደብዳቤ ሊሆን ይችላል፤ ወይም በአገር አቀፍ ደረጃ በተመዘነ ፈተና ውጤቱ ከሚከፈልባቸው ዘጠኝ እርከኖች ቢያንስ አራተኛው ላይ መድረስ ነው። እንግዲህ በማዳመጥ የተማሩት ይቆጠራል፤ ፈተናውን የመረጡ እንደሆነ ግን የንባቡን ክፍል በአብዛኛው ልጁ ብቻውን በዝምታ ያነበዋል እንጂ እርስዎ አያነቡለትም። በዚህ ዓመት የግምገማ ደብዳቤውን መንገድ ቢመርጡ የሚሻል ይመስለኛል፤ ለገምጋሚውም በሽግግሩ መጀመሪያና መጨረሻ ላይ የተጻፉትን የልጁን ትረካዎች ቀን ጽፈውባቸው ያስቀምጡለት።